ከኩላሊት አናት ላይ

አዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከአስፋልቱ ቶሎ አይነሣም። ከባንጃና ከፋግታ ለኮማ ቀበሌዎች ለሆስፒታል ቀጠሮ የሚመጣ ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ ይደርሳል። ከእነዚህ አንዷን በሐሳብ እንከተላት። ዕድሜዋ ወደ 50 ይጠጋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቀጠሮ አታሳልፍም፤ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠንም (ቫይራል ሎድ) በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባት የቲቢ መድኃኒት ጀምራለች። ሳሉ ቀንሷል፤ የሌሊት ላቡም ትቷታል። ድካሙ ግን ብሶባታል።

"ስነሣ ዓይኔ ጭልም ይላል ልጄ። እህል ገና ሳየው ያስጠላኛል። የሚያምረኝ ጨው የበዛበት ነገር ብቻ ነው።"

"እስቲ ጋደም ይበሉ እማማ" ትላለች ነርሷ። አምስት ደቂቃ ያህል አሳርፋ የደም ግፊቷን ትለካለች፤ 100 በ60። "አሁን ቀስ ብለው ይነሡ፤ እኔን ይደገፉ።" ቆማ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላት የላይኛው ቁጥር 76 ላይ ይወርዳል፤ ጉልበቷም ይከዳታል። ነርሷ መልሳ ታስቀምጣትና የስልኳን መብራት አብርታ አፏን ታያለች። ድዷ ጥቁር ነው። ድዱ ግን ምስክር አይሆንም፤ በልጅነቷ ተነቅሳዋለች። ስለዚህ ጉንጯን ገለጥ አድርጋ ውስጡን ትመለከታለች፤ ንቅሳት እዚያ አይደርስም። እዚያም ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። መዳፏን ስትዘረጋ መስመሮቹ ከቀረው ቆዳ ይልቅ ጠቁረዋል። ዓምና ማጭድ የቆረጣት ቦታ ላይ ያለው ጠባሳም እንደዚያው።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የጠየቀውም የግፊት መለኪያና የስልክ መብራት ነው። ሆኖም ብዙ ቦታ አይደረግም፤ ደከመኝ የሚል ታማሚ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚሰጥበት በኤአርቲ ክፍል ውስጥ ማንንም አያስደነግጥማ! ቫይረሱ ያደክማል። ቲቢ ያደክማል፣ ያከሳልም። መድኃኒቱ ራሱ ሆድን ያቅለሸልሻል። ለአንድ ድካም ሦስት ምክንያት በእጁ ያለ ባለሙያ አራተኛውን ፍለጋ አይወጣም። አራተኛው ግን በአግባቡ ካልተያዘ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል።

አራተኛው የሚነሣው አድሬናል ከሚባሉት ሁለት እጢዎች ነው። በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አምስት ግራም ቢመዝኑ ነው። የውስጠኛው ክፍላቸው ስንደነግጥና ስንሮጥ ልብን የሚያስመታውን አድሬናሊን ያመነጫል። የውጭው ክፍል ደግሞ ሦስት ንብርብር አለው። አንደኛው ንብርብር አልዶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል፤ ሰውነት ጨውን በሽንት እንዳያፈስ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ኮርቲሶልን ያመነጫል፤ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ደግፎ የሚያቆም፣ በሕመም ጊዜ ሰውነት የሚንጠለጠልበት ሆርሞን ነው። ሦስተኛው የፆታ ሆርሞኖች ጥሬ ዕቃ ይሠራል። ኮርቲሶል ቀኑን ሙሉ አንድ ልክ አይደለም፤ ንጋት ላይ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይወርዳል። ሰው ሲታመም፣ ሲቆስል፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

እነዚህ እጢዎች ትልቅ መጠባበቂያ አላቸው። የውጩ ክፍል 90 በመቶ ገደማ እስኪወድም ድረስ ሰውየው ደህና መስሎ ሊኖር ይችላል። ትንሽ ይደክመዋል፣ ትንሽ ይከሳል፣ ይኸው ነው። ከዚያ አንድ ቀን ወባ ይይዘዋል፣ ወይም ያስቀምጠዋል፣ ወይም አጥንቱ ይሰበራል። ሰውነቱ ተጨማሪ ኮርቲሶል ሲጠይቅ እጢው ባዶ ይሆናል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዘባርቃል። ግሉኮስ ቢተከልለትም ግፊቱ እምቢ ይላል።

ይህን የአድሬናል መዳከም በሽታ መጀመሪያ በጽሑፍ ያወጣው የለንደኑ የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ቶማስ አዲሰን ነው፤ ጊዜው 1855 እ.ኤ.አ.። ቆዳቸው እየጠየመ፣ ጉልበታቸው እየከዳ የሞቱ 11 ሰዎችን ታሪክ ዘረዘረ። አስከሬናቸው ሲከፈት ከብዙዎቹ አድሬናል ውስጥ የተገኘው ሳንባ ነቀርሳ ነበር። እኛ ዘንድ ቲቢ ዛሬም ስላልጠፋ ይህ የ170 ዓመት ታሪክ ለአዊ ዞን ሐኪም ያረጀ አይደለም። ሀብታሙ ዓለም ውስጥ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ እጢውን የሚያጠፋው ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሣ ነው። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ባቡር ጣቢያ ወጥተው የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ የዚሁ በሽታ ታማሚ ነበሩ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታውቆባቸው በየቀኑ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ስቴሮይድ እየወሰዱ ይኖሩ ነበር። የጠየመ መልካቸውን ብዙ ሰው ፀሐይ የመታው የጤነኛ ሰው ፊት አድርጎ ያየው ነበር። ከተማረው የአሜሪካ ጋዜጠኛ የተሰወረ ነገር ከአንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ቢሰወር አይፈረድባትም።

ቆዳ ለምን ይጠቁራል? እጢው ሲዳከም አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ "ሥራ" እያለች ትዕዛዟን ታበዛለች። ትዕዛዙን የሚያደርሰው ሆርሞን ሲበዛ የቆዳን ቀለም ሠሪ ሕዋሳትም አብሮ ይቀሰቅሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ይህን ለማየት የሚፈለግበትን ቦታ ማወቅ ይጠይቃል፦ የጉንጭ ውስጥ፣ የመዳፍ መስመር፣ የጣት መገጣጠሚያ፣ አዲስ ጠባሳ። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ዚዶቩዲን የሚባለው የቆየ የኤችአይቪ መድኃኒት ጥፍርንና አንዳንዴም የአፍ ውስጥን ያጠቁራል። እሱን የወሰደ ሰው "ከመድኃኒቱ ነው" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ ጥቁረቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ከሚወርድ ግፊትና ከክሳት ጋር ሲገጥም ነው ወሬው የሚለወጠው።

ወደ ኤችአይቪ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በዚያ ዘመን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በኤድስ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር፣ ከሆርሞን እጢዎች ሁሉ በብዛት ተጎድቶ የሚገኘው አድሬናል ነበር። ዋናው አጥፊ ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር፣ የመከላከል አቅም ሲሟጠጥ የሚነቃ ነው። ቲቢ፣ ክሪፕቶኮከስን የመሳሰሉ ፈንገሶች፣ ካፖሲ ሳርኮማና ሊምፎማም እጢው ውስጥ ይገባሉ። ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነፃ ሲሰጥ፣ በኋላም ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው እንዲጀምር ሲደረግ፣ እዚያ ደረጃ የሚደርሰው ሰው ቀነሰ። ዛሬ በሀገሪቱ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ መድኃኒታቸውን ወስደው ሥራቸው ላይ ናቸው። የብዙዎቹ ኮርቲሶልም ደህና ነው፤ እንዲያውም ሕመሙ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ሮጦ ይመርመር ማለቴ አይደለም። አደጋው የሚያንዣብበው ዘግይተው በመጡት፣ መድኃኒት ባቋረጡት፣ ቲቢ በያዛቸውና ክፉኛ ታመው አልጋ በያዙት ላይ ነው። ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል በጠና ከታመሙ የኤችአይቪ ሕሙማን መካከል ጥቂት የማይባሉት አድሬናላቸው የሚጠበቅበትን ሲያመነጭ አልተገኘም፤ ይህ ከታወቀ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላው ነው።

የእንጅባራዋ ሴት ጉዳይ ግን አንድ ተጨማሪ ጠመዝማዛ አለው። ሳሏ እየዳነ ድካሟ የባሰው ለምንድን ነው?

መልሱ በቲቢ መድኃኒቷ ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት ውስጥ መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይሞችን ያበዛል። በኤአርቲ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ቲቢ ሲይዘው በቀን አንድ ጊዜ የነበረውን 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚያደርጉለት ለዚህ ነው። ያው ኢንዛይም ግን ኮርቲሶልንም ይሰብራል። ጤነኛ እጢ ምርቱን ጨምሮ ጉድለቱን ይሞላል፤ ሰውየው ምንም ሳይታወቀው ያልፋል። ቲቢ ግማሹን የበላው እጢ ግን ጭማሪውን ከየት ያምጣ? የሪፋምፒሲን ጉልበት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ይደረጃል፤ እዚያ ላይ ነው ታማሚው እየዳነ ሳለ የሚወድቀው። ለዶሉቴግራቪር የታሰበው ለሆርሞኑ አልታሰበም፤ በእኔ ግምት መመሪያ ላይ አንድ መስመር የሚያስጨምር ጉዳይ ነው።

እስካሁን የተባለው እጢው ሲጠፋ ነው። እጢው ምንም ሳይሆን የሚተኛበት መንገድም አለ፤ እሱን የምናመጣው እኛው ነን። ስቴሮይድ የሚባሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ በቂ ምክንያት ሲኖር ይታዘዛሉ፦ ለቲቢ ማጅራት ገትር፣ ለልብ ሽፋን ቲቢ፣ ኒሞሲስቲስ ለሚባለው የሳንባ ምች። ሕይወትም ያድናሉ። ነገር ግን ከውጭ የመጣውን ሆርሞን ያየ አንጎል ለአድሬናል ትዕዛዝ ማስተላለፉን ይተዋል። ሳምንታት ሲቆይ እጢው ይኮማተራል። በድንገት ክኒኑ ሲቆም ሰውየው ሁለቱንም ያጣል። ቆዳ አይጠቁርም፤ ትዕዛዝ ሰጪዋ ራሷ ተኝታለችና። ስለዚህ መዳፍና ጉንጭ ማየት እዚህ አይረዳም። የሚረዳው መጠየቅ ነው።

ምን ተብሎ? "መድኃኒት ትወስዳለህ?" ተብሎ ከሆነ መልሱ "የኤችአይቪውን ብቻ" ነው። ለጉልበት ሕመም በጀርባ በር የተወጋ መርፌ፣ ለአስም የሚነፋ መድኃኒት፣ ለፊት ማቅያ የሚቀባ ቅባት፣ ለውፍረት ተብሎ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክኒን ብዙ ሰው መድኃኒት ነው ብሎ አይቆጥረውም። ማቅያ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። አንድ በአንድ፣ በየስሙ ካልተጠየቀ አይወጣም።

የመጀመሪያው መስመር የኤችአይቪ መድኃኒት አልሠራ ብሎ ወደ ሁለተኛው የተዛወረ ሰው ሲሆን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። አታዛናቪርና ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ይሰጣሉ። ሪቶናቪር የሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ ያንኑ ኢንዛይም ያግደዋል። ታዲያ መገጣጠሚያ ላይ የተወጋ አንድ የትራያምሲኖሎን መርፌ ወይም በየቀኑ የሚነፋ ፍሉቲካሶን ሳይሰበር ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ፊት ይሞላል፣ ክብ ይሆናል፤ ሆድ ይገፋል፤ ክንድና ጭን ግን ይቀጥናል፤ ስኳርና ግፊት ይነሣል። ይህ ሲሆን ጎረቤት ምን ይላል? "ተመስገን፣ አማረብህ!" ትናንት በክሳቱ የታማ ሰው ዛሬ ፊቱ ሲሞላ ማን ይጠራጠራል? ባለሙያውም ቢሆን ስታቩዲን የሚባለው የድሮ መድኃኒት ያመጣው የነበረውን የስብ መዛባት አስታውሶ ሊያልፈው ይችላል። ዳንግላ ላይ በገበያ ቀን "አማረብህ" የተባለ ሰው በሦስተኛው ወር ቅባቱ ወይም መርፌው ሲቋረጥ ወድቆ ቢመጣ፣ ሁለቱን ነገር ማገናኘት ቀላል አይደለም። ዶሉቴግራቪር እንዲህ ያለ ጠብ የለውም። አስም ላለበት የሁለተኛው መስመር ታማሚም ከፍሉቲካሶን ይልቅ ቤክሎሜታዞን ይሻላል።

ጥርጣሬው ከመጣ በኋላ ማረጋገጫው ደም ነው፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ኮርቲሶል የሚለካው በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግር ወጥቶ መኪና የሚጠብቅ ሰው በዚያ ሰዓት አይደርስም፤ ከተማ ማደር አለበት፤ ማደር ደግሞ ገንዘብ ነው። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ3 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ነገሩ ያለቀ ያህል ነው፤ ከ18 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ይተዋል። መካከሉ ላይ ያረፈ ሰው ሲናክተን የሚባል መርፌ ተወግቶ ከ30ና ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት አለበት። ያን መርፌ በኛ ሀገር ማግኘት ራሱ ሙያ ነው። የወረዳና የዞን ሆስፒታሎች ላብራቶሪ ኮርቲሶል ከሚለካባቸው ቦታዎች ውስጥ በአብዛኛው አይቆጠርም። የቀረው ሪፈር ነው፦ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከእንጅባራ 120 ገደማ፣ ወደ ባሕር ዳር፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን። በሰላሙ ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ሾፌሩም አያውቅ። ቆሞ ግፊቱ 76 የሆነ ሰው ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ቀላል ነገር ይታየኛል። ኮርቲሶል ጠንካራ ሆርሞን ነው፤ የደሙ ውኃ ተለይቶ በቅዝቃዜ ከተያዘ ለቀናት አይበላሽም። ከየሆስፒታሉ ለቫይራል ሎድ የሚሰበሰበው ናሙና በቀዝቃዛ ሣጥን ወደ ባሕር ዳር መመላለሱን ለምዷል። በዚያው ሣጥን አንዲት ብልቃጥ መጨመር ሰውየውን ራሱን ከማመላለስ ይቀላል። ይህን ለማስተባበር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ቀንሷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ታማሚ ሲቀር ስልክ የሚደውለው፣ ምን ሆነህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከእነሱ መካከል ነበር።

ማረጋገጫ እስኪመጣ ሕክምና አይቆምም። ግፊቱ ወድቆ፣ እያስመለሰው፣ ጥርጣሬው ጠንካራ ለሆነ ሰው 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይሰጣል፤ አንድ ሊትር ሳላይን በፍጥነት ይገባል፤ ስኳሩ ይለካል። ደሙ መጀመሪያ ቢቀዳ ጥሩ፣ ካልተቻለ ግን መርፌው አይዘገይም። መርፌው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለአስም ታማሚ ሲባል ድንገተኛ ክፍሎች የሚያስቀምጡት ያው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ለውጡ ፈጣን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ቀና ብሎ ውኃ ይጠይቃል። አንዲት ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ግሉኮስ ብቻ ተንጠልጥሎላት ከምትከርም አንድ ብልቃጥ ሃይድሮኮርቲሶን ቢከሰር ምን ይጎዳል?

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን ክኒንና ፍሉድሮኮርቲሶን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢኖሩም በየመድኃኒት ቤቱ አይገኙም። ባለ 5 ሚሊግራሙ ፕሬድኒሶሎን ግን ይገኛል፤ ርካሽም ነው፤ ብዙ ሰው በእሱ ይኖራል። ሪፋምፒሲን አብሮት እስካለ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ትኩሳት ሲኖር ይጨመራል፤ ካስመለሰው በመርፌ ይተካል። ጠዋት ከቁርስ ጋር ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ጾሙ ይመጣል። በሁዳዴና በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ኮርቲሶል የሌለውን ሰው የደም ስኳር ይጥላል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ ግን ሕመምተኛው ራሱን ያስገድዳል፤ በተለይ ሕመሙን ለጎረቤት ያልነገረ። ለንስሐ አባት መንገር ከሐኪሙ ትዕዛዝ እኩል የሚሠራበት ቦታ ነው። ጠበልም እንዲሁ። በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና የኤችአይቪ መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር። የኤችአይቪ ክኒን ለሱባዔ አንድ ሳምንት ቢቋረጥ ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ፕሬድኒሶሎን ቢቋረጥ ግን ከጠበሉ በቃሬዛ ያስመልሳል።

ዞኑ የፈረሰኛ ሀገር መሆኑንም አንርሳ። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ሰው ከፈረስ መውደቁ አይቀርም፤ ወጌሻም ዘንድ መሄዱ አይቀርም። ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው እግሩ ሲሰበር ሰውነቱ የሚጠይቀውን ተጨማሪ ኮርቲሶል የሚሰጠው የለም፤ ወጌሻው አጥንቱን ቢያቃናው ማታ ላይ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ክኒኑን የጀመረ ሰው ከክትትል ካርዱ ጋር አንዲት ወረቀት ሊይዝ ይገባዋል፤ በአማርኛ የተጻፈች፣ ከተቻለም በአዊኛ ሊያስረዳለት የሚችል ሰው ስልክ ያለባት፦ በየቀኑ ስቴሮይድ እንደሚወስድ፣ ክኒኑ በድንገት መቆም እንደሌለበት፣ ቢወድቅ፣ ቢያስመልሰው ወይም አጥንቱ ቢሰበር መጀመሪያ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ እንዲሰጠው።